ስለ ጕልበትና ስለ ትከሻ ሕክምና ታሪክ፤ ከዋድላ ወጌሻ እስከ አርትሮስኮፕ

በሰሜን ወሎ፥ በዋድላ ወረዳ፥ በኮን ከተማና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አንድ ሰው ወድቆ እጁ ወይም እግሩ ሲጎዳ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ሐኪም ቤት የሚታሰበው ወጌሻው ካልቻለ በኋላ ነው። እኛም በዚያው አገር ተወልደን፥ በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረን ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ስንመጣ፥ ይህ ልማድ የድንቁርና ምልክት ነው የሚል አሳብ ይዘን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ሕክምና ታሪክ የተጻፉትን አንዳንድ መጻሕፍት ስንመለከት፥ በዕረፍት ጊዜም ወደ አገራችን ተመልሰን ሽማግሌዎችን ስንጠይቅ፥ ነገሩን እንዳሰብነው ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። የጕልበትና የትከሻ ሕክምና ታሪክ የማየት ታሪክ ነው። ወጌሻ የሚያየው በእጁ ነው፤ እጅም የአጥንትን ስብራትና ውልቃት ያገኛል፥ የመገጣጠሚያን ውስጥ ግን አያገኝም። የሰው ልጅ ሥጋውን በሰፊው ሳይከፍት ወደዚያ ውስጥ በዓይኑ መመልከት የጀመረው ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ የወጌሻን ሙያ ወሰን ማወቅ፥ ሙያውን ከማክበር ጋር የማይቃረን መሆኑን እናመለክታለን። ዓ.ም. የሚል ያለበት ዓመት በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ እ.ኤ.አ. ያልንበት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የአገሩ ጠባይና የሚደርሰው ጉዳት

ዋድላ ደጋ ነው፤ ዳርቻው ግን ገደል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ በ1860 ዓ.ም. ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ያለፉት በዚህ ደጋ ላይ ነው። ወደ ጅዳ ሸለቆ ለመውረድ ድንጋይ እያስፈለጡ መንገድ አስጠርገዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘልቅ በዚሁ መንገድ ተጠቅሟል። ይህን የምናነሣው አገሩ ለእግርና ለጕልበት ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው።

ዛሬም ቢሆን ገበሬው ሸክሙን ይዞ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ሴቷ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ትወጣለች፤ እረኛው ከብት ተከትሎ ከገደል አፋፍ ይሮጣል። በገና ሰሞን ጎረምሳው በሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ሲጫወት ዱላው ጕልበት ያገኛል። ለልደት ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን ብዙ ቀን በእግሩ ተጕዞ ይደርስና ደግሞ ከዓለት የተፈለፈለውን ደረጃ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ከዚያም ይሰግዳል። ጕልበቱ የማይታጠፍ ሰው በዚህ አገር ሥራ ብቻ ሳይሆን ስግደትም ይቀርበታል። ትከሻው የወለቀ ሰው ደግሞ ሞፈር አይሸከምም፥ ጅራፍ አያነሣም። ስለዚህ ይህ ጉዳት በእኛ ዘንድ የስፖርተኞች ጉዳት ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳት ነው።

የወጌሻ እጅ

የወጌሻ ሙያ ከአባት ወደ ልጅ፥ ከእናትም ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ብዙው የሚማረው በማየትና በመዳሰስ ነው። በኮን አቅራቢያ ያነጋገርናቸው አንድ የታወቁ ሽማግሌ ወጌሻ አሠራራቸውን ሲነግሩን፥ «ልጄ፥ እኔ የማየው በጣቴ ነው» አሉን። የተጎዳውን ጕልበት ከመንካታቸው በፊት ደኅናውን ይዳስሳሉ፤ የአምላክ ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበረ የሚነግራቸው እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ በለጋ ቅቤ እያሹ የተጎዳውን ይፈትሻሉ፤ ወለምታ ከሆነ ያሻሉ፥ ውልቃት ከሆነ ረዳት ይዞ እንዲስብ አድርገው ይመልሳሉ፥ ስብራት ከሆነ አቃንተው በቀጭን እንጨትና በጨርቅ ያስራሉ።

ይህ አሠራር በሌላውም ዓለም ያለ ነው። የወለቀን ትከሻ ለመመለስ ተረከዝን በብብት ሥር አድርጎ ክንድን መሳብ የግሪኩ ሐኪም የሂፖክራተስ ዘዴ ተብሎ በሐኪሞች መጻሕፍት ይገኛል። የስዊስ ተወላጁ ኮኸር እ.ኤ.አ. በ1870 ያስታወቀው ሌላው ዘዴም መሠረቱ እጅ እንጂ መሣሪያ አይደለም። ስለዚህ ወጌሻ ውልቃትን ሲመልስ የሚሠራው፥ በአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠሩበት ከነበረው የራቀ አይደለም።

ወጌሻና ሐኪም በጦር ሜዳም ሆነ በቤተ መንግሥት ይፈለጉ እንደ ነበረ ከታሪክ እንረዳለን። ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ደጃዝማች ካሳ በነበሩ ጊዜ ቆስለው፥ ያክማቸው የነበረው ሰው ዋጋው ላም እንዲሆን ጠየቀ ይባላል። ካሳ ይህን ለሚስታቸው አያት ለእቴጌ መነን ቢልኩ፥ እቴጌይቱ የላኩላቸው ቁራጭ ሥጋ ብቻ ነበረ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበችም በዚህ እጅግ ተቆጡ፥ ከዚያ ወዲህ ጠቡ እየበረታ ሄደ ተብሎ ይተረካል። ታሪኩ የሚነገረው ስለ ንቀቱ ነው፤ እኛ ግን ሌላ ነገር እናገኝበታለን፤ ይኸውም ሕክምና ዋጋ የተቆረጠለት፥ ባለሙያ ያለው ሥራ እንደ ነበረ ነው።

በዘመናዊ ሕክምና በኩል፥ ከዐድዋ ድል በኋላ በዚያው በ1888 ዓ.ም. ክረምት የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አክሟል። ከእርሱም የተነሣው የሩሲያ ሆስፒታል እስከ እ.ኤ.አ. 1906 ድረስ ቆይቷል። የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የተቋቋመው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የጆርጂያ ተወላጅ የሆነው ሐኪም ሜራብ እ.ኤ.አ. በ1912 ስለ ኢትዮጵያ ሐኪሞችና ሕክምና መጽሐፍ አሳትሟል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያን የሕክምና ታሪክ መግቢያ ጽፏል። ሆስፒታሉ በከተማ ሲስፋፋ፥ በደጋው ግን ሥራው በወጌሻ እጅ እንደ ነበረ ቀረ።

እጅ የማይደርስበት

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ጕልበት የጭን አጥንትና የቅልጥም አጥንት የሚገናኙበት ነው፤ በፊቱ ሎሚ የምንለው አጥንት አለ። በሁለቱ አጥንቶች መካከል የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው፥ ሜኒስከስ የተባሉ ሁለት ልም አጥንቶች ተነጥፈዋል፤ ክብደትን ይከፋፍላሉ። በመካከሉም ሁለት ጅማቶች ተመሳቅለው ጕልበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛሉ። የልም አጥንቱ የውጭ ዳር የደም ሥር ስላለው ቢቀደድ ሊጠግግ ይችላል፤ የውስጥ ዳሩ ግን ደም ስለማይደርሰው ብዙ ጊዜ አይጠግግም። የተቀደደው ክፍል ተጠቅልሎ በአጥንቶቹ መካከል ሲገባ፥ በር ውስጥ ጠጠር እንደ ገባ ሁሉ ጕልበቱ አይዘረጋም።

ትከሻ ደግሞ ሌላ ነው። የክንድ አጥንት ራስ ክብና ትልቅ ሲሆን የሚቀመጥበት ጕድጓድ ጥልቀት የለውም፤ በሰሐን ላይ እንደ ተቀመጠ ኳስ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው በሰሐኑ ዳር የተሠራው ለስላሳ ከንፈርና ጅማቱ ነው። የእንግሊዙ ሐኪም ባንካርት እ.ኤ.አ. በ1923 እንዳስረዳው፥ ትከሻ ሲወልቅ ይህ ከንፈር ከአጥንቱ ይላቀቃል፤ ካልተመለሰም ትከሻው ደግሞ ደጋግሞ ይወልቃል። በተለይ በወጣቶች ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይደርሳል። እንግዲህ ወጌሻው ትከሻውን በትክክል መልሶ ሳለ፥ በሌላ ዓመት ያው ሰው ያንኑ ትከሻ ይዞ ቢመጣበት ጥፋቱ የእጁ አይደለም። የተላቀቀው ነገር ለእጅ አይታይም።

ይህን ከራሳችን ጕልበት ተምረነዋል። በትምህርት ቤት ኳስ ስንጫወት እግራችን መሬት ይዞ ሰውነታችን ዞረ፤ ጕልበታችንም አብጦ ተቆለፈ። ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንሄድ ከላይ የጠቀስናቸው ሽማግሌ ሁለት ቀን በቅቤ ካሹት በኋላ በሦስተኛው ቀን ቀስ ብለው ሲያዞሩት ቀጭ ብሎ ተፈታ፤ ቤተ ሰቡም እልል አለ። ሽማግሌው ግን አልተደሰቱም። «አንድ ነገር በጣቴ ሥር ያመልጠኛል፤ ተመልሶ ይመጣል» አሉ። እንዳሉትም በዓመቱ ደረጃ ስንወርድ ተቆለፈ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ከጕልበታችን ፊት በሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ገብተው የተቀደደውን ልም አጥንት ቆርጠው አወጡልን። ከወገባችን በታች ብቻ አደንዝዘውን ስለ ነበረ፥ የገዛ ጕልበታችንን ውስጥ በቴሌቪዥኑ ላይ ራሳችን አየነው። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ ሰዓት ነው።

በቶኪዮ የተገኘው መነጽር

ይህ ሥራ አርትሮስኮፒ ይባላል። እርሳስ የመሰለ ቀጭን መነጽር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቀዳዳ ይገባል፤ መገጣጠሚያው በጨው ውሃ ይሞላና ይሰፋል፤ ብርሃን ይላካል፥ ሥዕሉም በቴሌቪዥን ላይ ይታያል። በሌላ ቀዳዳ የሚገባው ትንሽ መሣሪያ ይቆርጣል፥ ይሰፋል። በትከሻ ላይ የተላቀቀውን ከንፈር ወደ አጥንቱ መልሶ ለማሰር ክር ያለው ትንሽ ችካል ይተከላል።

የዚህ ነገር አጀማመር የፊኛን ውስጥ ከሚመለከተው መነጽር ነው። የዴንማርኩ ኖርደንቶፍት እ.ኤ.አ. በ1912 በበርሊን በተደረገ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ በጕልበት ውስጥ ስለ መመልከት ተናገረ፤ አርትሮስኮፒ የሚለውንም ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ በቶኪዮ ኬንጂ ታካጊ የተባለ ሐኪም የፊኛውን መነጽር በሬሳ ጕልበት ውስጥ አስገብቶ ተመለከተ። ታካጊን ያሳሰበው የሳንባ ነቀርሳ በጕልበት ሲገባ የሚያደርሰው ድርቀት ነበረ። ጃፓኖች በጕልበታቸው ተንበርክከው ስለሚቀመጡ፥ ጕልበቱ የማይታጠፍ ሰው በማኅበራዊ ኑሮው ሁሉ ይቸገራል። ይህን ስናነብ በአገራችን መስገድ ያቃታቸውን አረጋውያን አሰብን። አንድ ሕዝብ የሚያገኘው ጥበብ ብዙ ጊዜ ከራሱ አኗኗር ችግር ይመነጫል።

ታካጊ እ.ኤ.አ. በ1931 ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ መነጽር ለማሠራት በቃ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ በርማን የተባለው ሐኪም በሬሳ ላይ ትከሻንና ሌሎችንም መገጣጠሚያዎች መረመረ። የታካጊ ደቀ መዝሙር ማሳኪ ዋታናቤ ከጦርነቱ በኋላ ሥራውን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 በመነጽር የታዩ ሥዕሎችን የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፥ ቀጥሎም 21ኛ ቍጥር የተባለውን መነጽር ሠራ። የዚህ መነጽር ብርሃን በጫፉ ላይ ያለ ትንሽ አምፑል ስለ ነበረ አንዳንድ ጊዜ በጕልበት ውስጥ ይሰበር ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1962 ዋታናቤ የቅርጫት ኳስ ሲጫወት የተጎዳ የ17 ዓመት ልጅ የተቀደደ ልም አጥንት በመነጽሩ እየተመለከተ ከፊሉን ቆርጦ አወጣ። ሥራው በጕልበት ላይ እንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና የመጀመሪያው ነው ተብሎ ይቆጠራል።

ከዚህ ላይ የእኛም ታሪክ በአጠገቡ ያልፋል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1964) ሻምበል አበበ ቢቂላ፥ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ሆኖት፥ በቶኪዮ የማራቶንን ውድድር ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ካናዳዊው ሐኪም ሮበርት ጃክሰን በቶኪዮ ነበረ፤ ከዋታናቤ ዘንድ ገብቶ የመነጽሩን አሠራር ተማረ፥ በለውጡም እንግሊዝኛ አስተማረው ይባላል። ጃክሰን ወደ ቶሮንቶ ሲመለስ ጥበቡን ወደ ሰሜን አሜሪካ ወሰደ። በአዲስ አበባም የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በዚያው እ.ኤ.አ. 1964 ነበረ። ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማስተማር በተጀመረበት ዓመት፥ የእኛ ሯጭ በሚሮጥበት ከተማ፥ የጕልበት ሕክምና መንገዱን ይለውጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ በሯጮች ስም ታወቀ። አሜሪካዊቷ ጆን ቤኖይት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1984 ጕልበቷን በመነጽር ታክማ፥ በ17ኛው ቀን የአገሯን የማራቶን ማጣሪያ አሸነፈች፤ በዚያው ክረምት በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያውን የሴቶች የኦሊምፒክ ማራቶን ወሰደች። አገራችን በዚያ ኦሊምፒክ አልተካፈለችም ነበር።

መነጽሩም ወሰን አለው

ነገር ግን ያየነውን ሁሉ መቍረጥ ይገባል ማለት አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ጕልበቱ አሞት ከመንገድ ወጣ፤ በዚያው ቀን ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። በማግኔት የሚነሣው ሥዕል በጕልበቱ ውስጥ ውሃ መቋጠሩንና ጅማቱ መቆጣቱን አሳይቶ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አሳቡን ለወጠ፥ ወደ ሩጫም ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በሂዩስተን የተደረገ ምርመራ ደግሞ ብዙዎችን አስደነቀ። ጕልበታቸው በእርጅና የተበላ 180 ሰዎች ተመርጠው፥ ለአንዳንዶቹ በመነጽር ጕልበታቸው ታጠበ ወይም ተጠረገ፤ ለሌሎቹ ግን ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ ተሰፋ። በኋላ ሲጠየቁ በሁለቱ ወገን ልዩነት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2013 በፊንላንድ በ146 ሰዎች ላይ የተደረገው ምርመራም፥ በዕድሜ ምክንያት የተሰነጠቀን ልም አጥንት መቍረጥ ከማስመሰያው ቀዶ ጥገና የተሻለ ውጤት እንደማያስገኝ አመለከተ። ስለዚህ በዋድላ ለ60 ዓመት ሸክም የተሸከመ ሽማግሌ ጕልበቱን ቢያመው የሚያሻው መነጽር አይደለም፤ ሸክም መቀነስ፥ የጭን ጡንቻን ማጠንከርና እንደ አስፈላጊነቱ ማስታገሻ ነው። መነጽሩ የሚጠቅመው ጕልበቱ ለተቆለፈበት ወጣት፥ ትከሻው ደጋግሞ ለሚወልቅበት ገበሬና እነዚህን ለመሰሉ ነው።

ለኮን የሚበጀው

አርትሮስኮፒ በአገራችን በአዲስ አበባ ይሠራል። ከኮን ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወልድያ ወይም ወደ ላሊበላ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ግን መነጽሩን እዚያ አገኛለሁ ብሎ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት እነዚህ ሆስፒታሎች የነበራቸውንም መሣሪያ አጥተው ነበር። እንግዲህ ለኮን ዛሬ የሚበጀው ምንድር ነው?

አብሮን ከብት ይጠብቅ የነበረ አንድ ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክርኑ ተሰበረ። ወጌሻ አጥብቆ አሰረለት። ልጁ ሌሊቱን ሲጮኽ አደረ፤ «ስብራት ያማል፥ ይታገሥ» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቈሩ፤ ክንዱ ተቆርጦ ነፍሱ ተረፈች። የተሰበረ እጅ ማበጡ አይቀርም፤ ማሰሪያው ካልላላ ዕብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫንና ደሙን ያግደዋል፥ ጡንቻም ያለ ደም 6 ሰዓት ያህል ከቆየ ይሞታል። ሕመሙ እየባሰ መሄዱ፥ ጣቶቹ መቀዝቀዛቸውና መደንዘዛቸው ማሰሪያው ወዲያው ሊፈታ እንደሚገባ ይናገሩ ነበር። ያንን ወጌሻ ይህን ያስተማረው ሰው አልነበረም።

በጉራጌ አገር በአጣጥ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ አንድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በዚህ ነገር ላይ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 አሳትሟል። ሐኪሙ ወጌሾችን ሰብስቦ ለአጭር ጊዜ አስተማረ፤ ከዚያ በኋላ ወጌሻ ባሰረው ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር በጣም ቀነሰ። ወጌሾቹን አልከለከላቸውም፥ አላዋረዳቸውምም፤ መቼ ማላላት፥ መቼ መላክ እንደሚገባ ነገራቸው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አላስፈለገም።

እኛም ይህን አሳብ እንደግፋለን። በወረዳችን ያሉት ወጌሾች ከጤና ጣቢያው ጋር ቢተዋወቁ፥ ሦስት ነገር ብቻ ቢስማሙበት ብዙ እጅና እግር ይተርፋል። መጀመሪያ፥ ያሰሩትን በዚያው ቀንና በማግሥቱ መልሰው እንዲያዩ፤ ሁለተኛ፥ የወለቀውን ትከሻ በአንድ ሙከራ ካልተመለሰ ሳይደጋግሙ ወዲያው እንዲልኩ፤ ሦስተኛ፥ ደጋግሞ የሚወልቅ ትከሻና ደጋግሞ የሚቆለፍ ጕልበት ከእጅ በላይ መሆኑን ለሰውየው እንዲነግሩት። የሕክምና ተማሪዎች የሆናችሁ ባልንጀሮቻችንም ወጌሻን ስታገኙ ከመንቀፍ በፊት ብትጠይቁት፥ ከመጻሕፍት የማታገኙትን ትሰማላችሁ።

ከታከምን በኋላ ወደ ኮን በተመለስን ጊዜ ሐኪሙ የሰጠንን ፎቶግራፍ ለሽማግሌው ወጌሻ አሳየናቸው። ወደ ብርሃን አዙረው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት። ተቀዶ የተጠቀለለውን ልም አጥንት በጣታችን ስናመለክታቸው፥ «ለካስ ያ ያመልጠኝ የነበረው ይህ ኖሯል» አሉ፤ ከዚያም፥ «እንዲህ የሚሆን ጕልበት ሁለተኛ ከመጣብኝ ወዴት ልላከው?» ብለው ጠየቁን። እኛም የምናውቀውን ነገርናቸው፤ መንገዱ ሩቅ፥ ወጪውም ብዙ መሆኑን ግን አልደበቅንም። ይህ ጥያቄ ለእኛ ብቻ የቀረበ ስላልመሰለን፥ በዚህ መጽሔት ለአንባቢዎቻችን አቅርበነዋል። በጽሑፋችን ስሕተት ቢገኝ መምህራኖቻችንና ባልንጀሮቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።